ግማሹን ዛሬ አስገቡ ሲሏችሁ፦ ከጅማ ሄዶ አዲስ መኪና ስለመግዛት

ባለፈው ጥር አጎቴ ከአጋሮ ደወሉልኝ። ቡናቸው ተሸጧል። ገንዘቡም ባንክ ገብቷል። አዲስ አበባ ያለ አንድ መኪና ሻጭ “ግማሹን እስከ ዓርብ ካስገቡ ዋጋው አይጨምርብዎትም” ብሏቸዋል። “እንዴት ነው የኔ ልጅ፣ ላስገባ?” አሉኝ።

ምን ወረቀት እንደሰጧቸው ጠየቅኋቸው። ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። አንድ ገጽ ነው። አናቱ ላይ “ፕሮፎርማ” ይላል፤ ግርጌው ላይ ማኅተም አለው። እሳቸው ውል መስሏቸዋል። ውል ግን አይደለም። በዚያ ወረቀት ብቻ ግማሹን ቢከፍሉ ኖሮ፣ መኪናውን በዚህ ቀን አስረክበኝ ብለው ሻጩን የሚይዙበት ነገር አይኖራቸውም ነበር።

አጎቴ ቡና ላይ አይታለሉም። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ በእፍኛቸው ዘግነው ሲፈለፈል ስንት እንደሚወጣው ይነግሯችኋል። ቡና ግን በየዓመቱ ይሸጣል። አዲስ መኪና ብዙ ሰው በዕድሜው አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚገዛው። ሻጩ ደግሞ በየቀኑ ይሸጣል። ግራ መጋባቱ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ገንዘቡ መቼ፣ ለማን፣ በምን ወረቀት እንደሚወጣ ከሥር ከመሠረቱ እንየው።

ሻጩ ማን ነው?

“መኪና መሸጫ” የሚል ታፔላ የሰቀለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው ወኪል ነው። ፋብሪካው ራሱ “በዚህ አገር መኪናዬን ሽጥልኝ፣ ጠግንልኝ” ብሎ የወከለው ድርጅት ማለት ነው። ሞኤንኮ ለቶዮታ፣ ኒያላ ሞተርስ ለኒሳን፣ ማራቶን ሞተር ለሃዩንዳይ በዚህ ይታወቃሉ። መኪናው ሲበላሽ ዋስትናውን የሚሸከመው ፋብሪካው ነው፤ ወኪሉ መሀል ሆኖ ያስፈጽማል።

ሁለተኛው አስመጪ ነው። ከዱባይ ወይም ከቻይና ገበያ ገዝቶ ያመጣል። ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን ፋብሪካው መኪናው ኢትዮጵያ መግባቱን ላያውቅ ይችላል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ የምናየውን ቮልስዋገን አይዲ 6 ፋብሪካው የሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። “ዋስትና አለው” ከተባላችሁ ዋስትናው የፋብሪካው ሳይሆን የአስመጪው ነው። አስመጪው ነገ ሱቁን ቢዘጋ ዋስትናውም አብሮ ይዘጋል።

ሦስተኛው ደላላ ነው። መኪናው የሱ አይደለም። ገዢና ሻጭ ያገናኛል፤ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ጥሩ ደላላ ይጠቅማል። የመኪናው ገንዘብ ግን በደላላ ሒሳብ ማለፍ የለበትም፤ አንድ ብርም ቢሆን።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሦስት ስሞችን አስተያዩ፦ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለውንና በደረሰኙ ላይ የሚወጣውን። ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። ንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን በንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በግብር ከፋይ ቁጥሩ ማየት ይቻላል። ከጅማ ሳትነሱ በስልካችሁ የሚያልቅ ሥራ ነው። “የድርጅቱ ሒሳብ ችግር ስላለበት በሥራ አስኪያጁ የግል ሒሳብ አስገቡ” የሚል ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ አቁሙ።

የተጠራው ዋጋ የምን ዋጋ ነው?

አንድ ሰው “ኪሎው ይህን ያህል” ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት “የጀንፈል ነው የተፈለፈለ?” ብላችሁ ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። መኪናም ላይ እንደዚያው ነው። ሻጩ የሚጠራው ዋጋ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ዋጋ ሊሆን ይችላል። ቀረጡ ተከፍሎ ግን ታርጋ ያልወጣለትም ሊሆን ይችላል። ወይም ታርጋ ተለጥፎለት፣ ቁልፉ እጃችሁ ላይ የሚገባ ነው። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ቀረጡ ለምን ያን ያህል ይከብዳል? አንዱ በሌላው ላይ ስለሚጫን ነው። መጀመሪያ በመኪናው ዋጋ፣ በማጓጓዣውና በኢንሹራንሱ ድምር ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይሰላል። ቀረጡ ተደምሮ ኤክሳይዝ ታክስ ይሰላል። ያ ሁሉ ተደምሮ ቫት ይሰላል። በዚያ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ታክስ አለ። ከሥር ያለው ትንሽ ሲጨምር ከላይ ያለው ሁሉ ያብጣል።

ኤክሳይዙን የወሰነው አዋጅ 1186/2012 ነው። ሲወጣ ለአዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል የጣለው እስከ 1,300 ሲሲ ላለው 5%፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60%፣ ከ1,800 በላይ 100% ነበር። ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ እስከ 500% ይደርሳል። “አሮጌ መኪና ለምን ተወደደ?” ለሚል ሰው መልሱ በከፊል እዚህ ነው።

ከዚያ ሁለት ነገር ተለወጠ። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከቫት፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ነፃ አደረገ። ተገጣጥሞ ለሚገባው የ15% ጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5% ብቻ ሆነ፤ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ ለሚመጣው ቀረጡ ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ዛሬ አዲስ የቤት መኪና ፈልጋችሁ ስትወጡ የሚታይላችሁ በብዛት የኤሌክትሪክ የሆነው ለዚህ ነው። የታክስ መመሪያ ግን ይቀያየራል። “ነፃ ነው” ሲሏችሁ ዛሬ የገባ መኪና ዲክላራሲዮን አሳዩን በሉ። ዲክላራሲዮን የጉምሩክ ሰነድ ነው፤ የትኛው ታክስ ስንት እንደተከፈለ በመስመር በመስመር ተጽፎበታል።

ሌላው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። አንድ መኪና 20,000 ዶላር ቢሆን፣ በ57 ሲመነዘር 1,140,000 ብር ነው። በ114 ሲመነዘር 2,280,000 ይሆናል። መኪናው ያው ነው። ቀረጡም በብር ስለሚሰላ አብሮ ያድጋል። መኪናው ገና ሳይገባ ገንዘብ የከፈለ ሰው ዋጋ ቢጨምርበት ጭማሪውን ማን ይሸከማል? መልሱ ውሉ ውስጥ ነው ያለው።

ፕሮፎርማ፣ ቀብድና ቅድመ ክፍያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፕሮፎርማ የዋጋ ማሳወቂያ ነው። “ብትገዛ በዚህ ዋጋ እሸጥልሃለሁ” ይላል። የሚያበቃበት ቀን አለው። ባንክ ብድር ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። እናንተን እንድትገዙ አያስገድድም። ቀኑ ካለፈ ሻጩንም ዋጋው ላይ አይዘውም።

ቀብድ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ጣቱን የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያረጋግጣል። ውሉ ሲፈጸም ከዋጋው ላይ ይቀነሳል ወይም ይመለሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ሰው ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 100,000 ብር ቀብድ ከፍላችሁ ሻጩ “ሌላ ሰው በተሻለ ዋጋ ወሰደው” ቢላችሁ 200,000 ብር መጠየቅ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ቅድመ ክፍያ ግን የዋጋው አንድ ክፍል ነው፣ አስቀድሞ የተከፈለ። እጥፍ የሚባል ነገር በራሱ አይመጣለትም። ስለዚህ ቃሉ ዋጋ አለው። ደረሰኙም ውሉም ላይ “ቀብድ” ተብሎ ካልተጻፈ ሻጩ “ይሄ ቅድመ ክፍያ ነው” ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ቀብድ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የምታጡት እናንተ ናችሁ። በኔ እምነት ቀብድ ትንሽ ሊሆን ይገባል፤ ሻጩ መኪናውን ለሌላ እንዳይሰጥ ለመያዝ የሚበቃ ያህል ብቻ። ግማሽ ዋጋ ቀብድ አይባልም። በብድር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ይህችን አንድ መስመር ውሉ ላይ አስጽፉ፦ “ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።” ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካንገራገረ ከወዲሁ ብታውቁት ይሻላል።

መኪናው ገና መንገድ ላይ ከሆነስ?

“መኪናው ባሕር ላይ ነው፤ በሁለት ወር ይገባል።” ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ከአዲስ መኪና ግዢ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ግን በዚሁ በር ነው።

እቁብን አስቡ። በእቁብ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው የሌሎችን ገንዘብ ነው የሚወስደው። ዋስ ይጠራል። ዳኛ አለ። ጸሐፊ ይመዘግባል። አባላቱ ይተዋወቃሉ፤ ቢጠፋ ቤቱ ይታወቃል። አሁን ደግሞ ዋስና ዳኛ የሌለበት፣ አባላቱ የማይተዋወቁበት እቁብ አስቡ። ቅድመ ክፍያ ሰብስቦ “ተራ ጠብቁ” የሚል ሻጭ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በከፈለው ሰው ገንዘብ ያምና ከፋይ መኪና ይመጣል። አዲስ ከፋይ ሲቀንስ ተራው ይቆማል። ይህ የሚሆነው የግድ በሌብነት ብቻ አይደለም። ዶላር ሲወጣ የተሰበሰበው ብር መኪናውን መግዛት ያቅተዋል። ቅን ነጋዴም በዚያ መንገድ ይወድቃል።

ስለዚህ ያልመጣ መኪና ስትገዙ ክፍያውን ከወረቀት ጋር አጣጥሙት። ውል ሲፈረም ትንሽ ቀብድ። መኪናው ጉምሩክ ሲደርስና የሻንሲ ቁጥሩ (መኪናው ላይ የተመታው መለያ ቁጥር) በሰነድ ሲታይ ተጨማሪ ክፍያ። ቀሪው ርክክብ ላይ። ሻጩ ሌላ አከፋፈል ሊያቀርብ ይችላል፤ ተነጋገሩ። ውሉ ላይ ግን ሞዴሉ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የባትሪው ወይም የሞተሩ መጠን፣ ቀለሙ፣ የርክክቡ ቀን በቁጥር፣ ቢዘገይ የሚከፈለው ቅጣት ይጻፍ። “በቅርቡ” ቀን አይደለም። “ዋጋው እንደ ምንዛሪ ለውጥ ሊስተካከል ይችላል” የሚል ሐረግ ካለ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እስከ ስንት በመቶ? ጭማሪውን ካልፈለግሁስ ገንዘቤ በስንት ቀን ይመለሳል? ሻጩ ቀኑን ካሳለፈ ዝም ብላችሁ በስልክ አትለማመጡ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ የደረሰበትን ቅጂ አስፈርሙ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

አንድ ሌላ ነገር። “ለታክሱ እንዲቀልለን ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፈው” የሚል ሻጭ አለ። ለናንተም ቅናሽ ያደርግላችኋል። እሺ ማለት ያጓጓል። አስቡት፦ 3 ሚሊዮን ከፍላችሁ ውሉ 1.8 ሚሊዮን ይላል። መኪናው ቀርቶ ገንዘብ ይመለስልኝ ብትሉ የሚመለሰው ውሉ ላይ ያለው ነው። ቀሪውን 1.2 ሚሊዮን በምን ታስረዳላችሁ? በሕግም ያስጠይቃል። ሙሉ ዋጋው ይጻፍ፤ ሙሉ ደረሰኝ ይቆረጥ።

ከጅማ ገንዘብ በሻንጣ ይዞ መንገድ መጀመር አያስፈልግም። ሲፒኦ አለ። ባንኩ ገንዘቡን ከሒሳባችሁ ለይቶ አስቀምጦ በድርጅቱ ስም የሚያዘጋጅላችሁ የክፍያ ማዘዣ ነው። መኪናውን አይታችሁ፣ ውሉን ፈርማችሁ፣ ያኔ ትሰጣላችሁ። ካልተስማማችሁ ሲፒኦውን ለባንኩ መልሳችሁ ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ።

ባንክ ቢያበድረኝ በስተመጨረሻ ስንት እከፍላለሁ?

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። የመኪናው ዋጋ 3,000,000 ብር ይሁን። ባንኩ 40% ከራሳችሁ አዋጡ ይበል፤ 1,200,000 ነው። ብድሩ 1,800,000 ይሆናል። ወለዱ በዓመት 17%፣ ጊዜው 4 ዓመት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ግማሽ ሚሊዮን ብር ያወጣል፦ ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተበደርኩት ላይ?

ሰው መጋዘን ውስጥ 100 ጆንያ ቡና አስቀመጣችሁ እንበል። በየወሩ ሁለት ሁለት ጆንያ ታወጣላችሁ። ባለመጋዘኑ ኪራይ የሚቀበለው በውስጥ ለቀሩት ጆንያዎች ብቻ ከሆነ ክፍያው እየቀነሰ ይሄዳል። “መጀመሪያ 100 ነበር፤ እስከ መጨረሻው የ100 ትከፍላለህ” ካለ ግን ባዶ ቦታ እየተከራያችሁ ነው። ወለድም ሁለቱ ዓይነት አለው።

በቀሪው ዕዳ ላይ ሲሰላ የወሩ ክፍያ ወደ 51,940 ብር ነው። የአራቱ ዓመት ወለድ በጠቅላላ ወደ 693,000 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ብድር ላይ ከተሰላ ግን 17% በ4 ዓመት ተባዝቶ 1,224,000 ብር ወለድ ይሆናል፤ የወሩ ክፍያ 63,000። ሁለቱም ወረቀት ላይ “17%” ይላሉ። ልዩነቱ 531,000 ብር ነው። ስለዚህ መቶኛውን ብቻ ሰምታችሁ አትነሱ። የየወሩን ክፍያ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አስወጥታችሁ የመጨረሻውን ድምር እዩ።

ጊዜውን ስታራዝሙስ? ያንኑ ብድር በ6 ዓመት ብትወስዱት የወሩ ክፍያ ወደ 40,040 ብር ይወርዳል። ትንፋሽ ይሰጣል። ጠቅላላ ወለዱ ግን ወደ 1,083,000 ይወጣል፤ ከ4 ዓመቱ በ390,000 ብር ይበልጣል። ለደሞዝተኛ አንዳንዴ ሌላ አማራጭ የለም። ለቡና ነጋዴ ግን ሌላ መንገድ አለ። ገቢያችሁ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከሆነ በየወሩ እኩል መክፈል ክረምት ላይ ያንቃል። በየሦስት ወሩ ወይም ከቡናው ወቅት ጋር የሚሄድ አከፋፈል ይቻል እንደሆነ ውል ሳትፈርሙ ጠይቁ። ከጊዜው በፊት ብትዘጉ ቅጣት አለው ወይ? ወለዱን ባንኩ መሀል ላይ መቀየር ይችላል ወይ? ብዙ የብድር ውል ባንኩ እንዲቀይር ይፈቅዳል።

መያዣው ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ ነው። ዋናው ሊብሬ፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ባንክ ይቀመጣል፤ መንገድ ትራንስፖርት ላይ እገዳ ይመዘገባል። እናንተ ትነዱታላችሁ፤ መሸጥ ግን አትችሉም። ክፍያ ከተቋረጠ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሊሸጠው ይችላል። አዋጅ 97/1990 ባንኮች በመያዣ ውሉ ከተስማሙ፣ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ያ ደብዳቤ ከደረሳችሁ 30ዎቹ ቀናት የድርድር ጊዜያችሁ ናቸው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትደብቁት፤ በማግስቱ ባንኩ ጋ ሂዱ።

“ብድርህ ተፈቅዷል” መባልና ገንዘቡ መለቀቁም የተለያዩ ናቸው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14% በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። በኋላ ጣሪያው ከፍ ተደርጓል። ጣሪያ ባለበት ጊዜ ባንኩ ፈቅዶላችሁም ተራ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። የሻጩ ፕሮፎርማ ደግሞ በዚያ መሀል ቀኑ ያልፋል።

ወለድ የማልፈልግ ከሆነስ?

ጅማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ከወለድ ነፃ በሆነ ባንክ አገልግሎት መኪና የሚገዛበት የተለመደው መንገድ ሙራባሃ ይባላል። ባንኩ ገንዘብ አያበድራችሁም። መኪናውን ራሱ ይገዛዋል። ከዚያ የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን በግልጽ ነግሮ ለናንተ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ንግድ ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። ከሱ ሌላም አሉ፤ መደበኛ ባንኮችም በተለየ መስኮት ይሰጣሉ።

ጥቅሙ ጠቅላላ ዋጋው በውሉ ቀን መቆረጡ ነው። መሀል ላይ አይጨምርም። እናንተ ግን አንድ ነገር ጠብቁ፦ ቅደም ተከተሉን። ባንኩ መኪናውን በእጁ ሳያስገባ እናንተ ቀድማችሁ ከሻጩ ጋር ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ ባንኩ የሚሸጥላችሁ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ለሻጩ ምንም ሳትፈርሙ፣ ቀብድም ሳትከፍሉ መጀመሪያ ባንኩ ጋ ሂዱ። ድምሩንም ከመደበኛው ብድር ድምር ጋር አስተያዩ። ቀድማችሁ ብትከፍሉ ቅናሽ ታገኙ እንደሆነም ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለጅማ ይሆናል?

ይሆናል፤ ሒሳቡን አስቀድሞ ለሠራ ሰው። አዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። የግቤ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት መሀሉ ላይ አለ። ወረቀቱ ላይ “600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” ቢል ቁጥሩ የቻይና መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ ያ መለኪያ ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ ነው። ዳገት፣ ጭነትና ፍጥነት ደግሞ ይቀንሱታል።

ቤታችሁስ? ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን፣ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። በተራው ሶኬት 2 ኪሎዋት ብታገኙ 30 ሰዓት ነው። ግልገል ግቤ ከጅማ ብዙ አይርቅም፤ ሰፈራችሁ ያለው መስመርና ቆጣሪያችሁ ግን 7 ኪሎዋት ይችል እንደሆነ መኪናውን ሳትገዙ ከመብራት ኃይል ጠይቁ። የቻርጀሩ መሰኪያም ሁለት ዓይነት አለ፤ የቻይናው ጂቢቲና የአውሮፓው ሲሲኤስ 2። መኪናው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ገዝተው በየደረሱበት አስማሚ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ።

ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ወኪል ባልሆነ ሰው በኩል ከመጣ ግን ያ ዋስትና ቻይና ሊቀር ይችላል። ዋስትናው በማን እንደሚፈጸም፣ የት ጋራዥ እንደሆነ፣ መኪናው ጅማ ላይ ቢቆም የጭነቱን ወጪ ማን እንደሚችል ይጻፍ። ለኛ ዋናው የመጨረሻው ነው።

የርክክብ ቀን ምን ልይ?

ቀን ላይ ሂዱ። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩን መኪናው ላይ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይና ውሉ ላይ ፊደል በፊደል አስተያዩ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። በአብዛኛው የቻይና መኪና ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ “አር” ከሆነ 2024፣ “ኤስ” 2025፣ “ቲ” 2026 በፈረንጆች። “የዘንድሮ ነው” የተባለው መኪና ሁለት ዓመት ወደብ ላይ ፀሐይ የመታው ሊሆን ይችላል። አሮጌ ስለሆነ አትግዙ አልልም፤ በአዲስ ዋጋ አትግዙ።

ሁሉም ቻርጅ ማድረጊያ፣ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ትርፍ ጎማው፣ የዋስትና ወረቀቱ ካልተሟላ የርክክብ ሰነድ ላይ “ተሟልቶ ተረክቤያለሁ” ብላችሁ አትፈርሙ። የጎደለውን ጻፉበት። ጉድለት ካገኛችሁ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ውሉ የተሻለ ከሰጣችሁ የውሉ ይጸናል።

ኢንሹራንስ ሳይገባ መኪናው ከግቢ አይውጣ። የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፤ ግን የሚከፍለው ለተጎዳው ሰው ነው። የናንተን መኪና አይጠግንም። ባንክ ካበደራችሁ ሙሉ ሽፋን ይጠይቃችኋል፤ ባይጠይቃችሁም ከአዲስ አበባ ጅማ ለሚነዳ አዲስ መኪና ግቡት። ቋሚ ታርጋ ካልወጣ በተላላፊ ታርጋ ነው የሚጓዘው። የሚያበቃበትን ቀን እዩና የጉዞውን ቀን በዚያ ቁረጡ።

አጎቴ ያን ዓርብ አላስገቡም። ሻጩን የሽያጭ ውል ጠየቁት፤ “እንልክልዎታለን” አላቸው። ሁለት ሳምንት ጠብቀው ሌላ ቦታ ሄዱ። ሁለተኛው ሻጭ ውሉን አስቀድሞ ላከላቸው። ማታ ማታ በስልክ እያነበቡልኝ አንድ አንድ መስመር አስተካከልን። የርክክቡ ቀን ባዶ ነበር፤ አስሞሉት። መኪናውን በመጋቢት አጋማሽ ተረከቡ። ዋናው ሊብሬ ባንክ ነው ያለው። ኮፒውን በፕላስቲክ አድርገው ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክተውታል።